የዕጩ መምህራን ዲጂታል ክሂል በማሠልጠኛውና በምደባው ቦታ መካከል፦ ከሰሜን ተራሮች ግርጌ የተነሣ ምልከታ

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር መጣጥፍ ለመምህርነት የሚሠለጥኑ ወጣቶች ሊኖራቸው የሚገባው ዲጂታል ክሂል ምን እንደሆነ ይመረምራል። መነሻው የማሠልጠኛ ተቋሙ የኮምፒዩተር ቤተ ሙከራ ሳይሆን ሠልጣኙ ተመድቦ የሚያስተምርበት ክፍል ነው። ለማሳያነት የተወሰደው ከዳባትና ከደባርቅ እስከ መካነ ብርሃን ያለው የሰሜን ጎንደር አካባቢ ነው። መጣጥፉ በፖሊሲ ሰነዶችና በቀደሙ ጥናቶች ንባብ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ሥልጠናው የሚለካው ክሂልና ሥራው የሚጠይቀው ክሂል የተለያዩ መሆናቸውን፣ ልዩነቱም ከመሣሪያ እጥረት ባልተናነሰ ከቋንቋ፣ ከምዘናና ከልምምድ አደረጃጀት የሚመነጭ መሆኑን ለማሳየት ይሞክራል።

መነሻ

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚወጣው አስፋልት ዳባትን አልፎ፣ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ደባርቅ ይደርሳል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው መንገድ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ክልል አቋርጦ የጃናሞራ ወረዳ መቀመጫ ወደሆነችው መካነ ብርሃን ያደርሳል። ከመካነ ብርሃን ወዲያ ያሉ ቀበሌዎችን ለመድረስ ብዙውን ጊዜ እግር ወይም በቅሎ ያስፈልጋል። በመምህርነት ተመርቆ ወደዚህ አካባቢ የሚመደብ ወጣት መንገዱን የሚጀምረው የትምህርት ማስረጃውን፣ ስልኩንና ምናልባትም አንድ ፍላሽ ዲስክ ይዞ ነው። በማሠልጠኛው የኮምፒዩተር ኮርስ ወስዷል፤ ፈተናውንም አልፏል። ከዚያ ኮርስ ውስጥ ተራራውን ተሻግሮ ክፍል የሚገባው ምን ያህሉ ነው?

ጥያቄው በሌላ ጊዜ ቢሆን የቅንጦት ሊመስል ይችል ነበር። አሁን ግን አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ስትራቴጂ የሰው ኃይል ክሂልን ከመሠረቶቹ አንዱ አድርጎ ይዟል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ከመካከለኛ ደረጃ ጀምሮ አስገብቷል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተናውን የሚወስደው በኮምፒዩተር ነው፤ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል ወደ ኮምፒዩተር ተሸጋግሯል። በጃናሞራ ወይም በበየዳ የምትማር የ7ኛ ክፍል ልጅ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በማታውቀው መሣሪያ ፊት ተቀምጣ ዕጣዋን የሚወስን ፈተና ልትፈተን ነው። ከዚያ በፊት መሣሪያውን ሊያስተዋውቃት የሚችለው ሰው በአብዛኛው መምህሯ ብቻ ነው።

የክሂሉ ትርጓሜ

በመስኩ የሚጠቀሱ ማዕቀፎች ጥቂት አይደሉም። ዩኔስኮ ለመምህራን ያዘጋጀው የመረጃና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ የብቃት ማዕቀፍ እ.ኤ.አ. በ2008 ወጥቶ፣ በ2018 በወጣው ሦስተኛ እትሙ 18 ብቃቶችን በሦስት ደረጃ ያስቀምጣል፦ ዕውቀትን መቅሰም፣ ዕውቀትን ማጥለቅና ዕውቀትን መፍጠር። የአውሮፓ ኅብረት በ2017 ያወጣው ማዕቀፍ ደግሞ በ6 ዘርፍ 22 ብቃቶችን ይዘረዝራል። ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው፤ ሁለቱም ግን ዝርዝር ናቸው። ዝርዝር ደግሞ በአንድ ገጽ መጠይቅ ላይ ለመስፈር ስለሚመች፣ ሳይመረመር የመቀዳት ዕጣ ይገጥመዋል።

ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሚቀርበው ፑንያ ሚሽራና ማቲው ኮለር በ2006 ያቀረቡት ንድፈ ሐሳብ ነው። ሁለቱ ምሁራን የተነሡት ሊ ሹልማን በ1986 ካነሣው ሐሳብ ነው። ሹልማን መምህርን መምህር የሚያሰኘው ይዘት ማወቁ ወይም የማስተማር ዘዴ ማወቁ ለየብቻ ሳይሆን፣ ያንን ይዘት ለዚያ ተማሪ እንዴት እንደሚያቀርብ ማወቁ ነው ብሎ ነበር። ሚሽራና ኮለር በዚህ ላይ ቴክኖሎጂን ጨመሩ። ስለዚህ ኮምፒዩተር ማወቅ፣ ማስተማር ማወቅና ሒሳብ ማወቅ ተደማምረው በኮምፒዩተር ሒሳብ ማስተማርን አይሰጡም፤ ይህኛው ራሱን የቻለ አራተኛ ዕውቀት ነው፤ የሚገኘውም በመሥራት ነው። ሚሽራ በ2019 የንድፉን ውጫዊ ክበብ እንደገና ሰይሞ «የዐውድ ዕውቀት» ብሎታል። ይኸውም መምህሩ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ፖሊሲውና ስለ ተማሪዎቹ ኑሮ የሚያውቀው ማለት ነው። ለደጋው ትምህርት ቤት ይህ የመጨረሻው ክበብ ተጨማሪ ሳይሆን መነሻ ነው። ኤሌክትሪክ በሌለበት ክፍል ስላይድ ማዘጋጀት የሚችል መምህር፣ ክሂሉ በማዕቀፉ ዝርዝር ላይ ቢኖርም፣ በክፍሉ ውስጥ የለም።

ስልክ ይዞ ማደግና ክሂል

ሠልጣኞቹ ወጣቶች ስለሆኑ ቴክኖሎጂውን ሳይማሩት ያውቁታል የሚል ግምት በመምህራን ክፍሎችም በስብሰባዎችም ይሰማል። ሐሳቡ ማርክ ፕሬንስኪ በ2001 ካስፋፋው «የዲጂታል ዘመን ተወላጆች» ከሚለው አባባል ጋር ይዛመዳል። ሱ ቤኔትና ባልደረቦቿ በ2008 ባሳተሙት ሒሳዊ ዳሰሳ አባባሉ በማስረጃ ያልተደገፈ መሆኑን አሳይተዋል፤ በአንድ ትውልድ ውስጥ ያለው የክሂል ልዩነት በትውልዶች መካከል ካለው አያንስም። አሌክሳንደር ፋን ዶርሰንና ያን ፋን ዳይክ በኔዘርላንድስ ሰዎችን አስቀምጠው ተግባር በማሠራት የደረሱበት ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። ቁልፍ መንካትንና ገጽ መክፈትን ወጣቶቹ በቀላሉ ይወጡታል፤ መረጃ ፈልጎ ማግኘት፣ ያገኙትን መመዘንና ለዓላማ ማዋል ላይ ግን ወጣትነት አይረዳም።

በአገራችን ይህን የሚያስረዳ አንድ ቅርብ ማሳያ አለ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለመምህራን የተለየ ሥልጠና አልተሰጠም። ሆኖም *127# ደውሎ ያለ ኢንተርኔት ገንዘብ መላክ ዛሬ ከከተማ ርቆ ላለ መምህር እንግዳ ነገር አይደለም። ደመወዙ በባንክ ይገባል፤ ወላጆቹ ሌላ ወረዳ ናቸው፤ ባንኩ ያለው የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ነው። ፍላጎቱ ስለነበረ ክሂሉ መጣ። የማሠልጠኛ ተቋማት ከዚህ መውሰድ የሚችሉት ነገር አለ፦ ሠልጣኙ በኮሌጁ የተማረውን የሚረሳው ከባድ ስለሆነ ሳይሆን፣ ምን ችግር እንደሚፈታለት ስላልታየው ሊሆን ይችላል።

የፊደል ጉዳይ

በአማራ ክልል የመጀመሪያና የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት በአብዛኛው የሚሰጠው በአማርኛ ነው። የኮምፒዩተር ኮርሶች ማስተማሪያ ሞጁል ግን እንግሊዝኛ ነው፤ የመሣሪያው ገጽም እንግሊዝኛ ነው፤ ተግባራዊ ልምምዱም እንግሊዝኛ ጽሑፍ መጻፍ ነው። ሠልጣኙ በእንግሊዝኛ የተማረውን ክሂል በአማርኛ እንዲሠራበት ይጠበቃል፤ በመሐሉ ያለውን ድልድይ ግን ማንም አልሠራለትም። በዲጂታል ክሂል ላይ በሚጻፉ የመመረቂያ ጥናቶች ውስጥ ይህ ጉዳይ የሚገባውን ቦታ አላገኘም።

የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር ፊደላቱን በየራሱ መንገድ በላቲን ኮዶች ላይ ያሰፍር ስለነበር፣ በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈ ፈተና በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ክምር ይሆን ነበር። ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በየትምህርት ቤቱና በየጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተር ውስጥ በአሮጌ ፎንት የተቀመጡ ፈተናዎችና ማስታወሻዎች ዛሬም አሉ። ፋይሉ ሳይከፈት ሲቀር ሠልጣኙ «ቫይረስ ገብቶበታል» ብሎ ይጥለዋል። ፎንትና ኮድ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያወቀ ግን ፎንቱን ፈልጎ ወይም ቀይሮ ሥራውን ያድነዋል። በአሥራ አምስት ደቂቃ የሚሰጥ ትምህርት ነው፤ በሞጁሎች ውስጥ ማግኘት ግን ቀላል አይደለም።

መጻፉ ራሱ ክሂል ነው። በተለመዱት የድምፅ ገበታዎች «ሰላም» ለማለት አምስት የላቲን ፊደላት ይነካሉ፤ ሳድሱ ተናባቢው ብቻውን ሲነካ ይገኛል፤ «ሠ»፣ «ዐ»፣ «ፀ»ና «ኀ» ግን ተጨማሪ ቁልፍ ይጠይቃሉ። ውጤቱ እንደሚታወቀው ነው፦ ቀላሉ ፊደል ያሸንፋል። የአማርኛ መምህር የሚሆን ሠልጣኝ «ሥራ»ን በሰሌዳ ላይ በንጉሡ «ሠ» ጽፎ፣ በስልኩ ግን «ስራ» ብሎ የሚልክበት ምክንያት አለማወቅ ሳይሆን የጣት ድካም ነው። የፊደላችን አጻጻፍ ወደፊት የሚወሰነው በሊቃውንት ጉባኤ ሳይሆን በገበታ አቀማመጥ እንዳይሆን ቢታሰብበት አይከፋም፤ ይህ ግን የሌላ ጥናት ርእስ ነው።

መረጃ ፍለጋ ላይ ሲደረስ ችግሩ ይከብዳል። «ፀሐይ» ብሎ የፈለገ ሰው «ጸሀይ» ተብሎ የተጻፈውን ላያገኝ ይችላል። የሳይንስ ቃላት ደግሞ ሌላ መልክ አላቸው። በአማርኛው መማሪያ መጽሐፍ «ብርሃን አስተፃምሮ» የተባለውን ለማስተማር የሚዘጋጅ መምህር ይህን ቃል ቢፈልግ የሚያገኘው እጅግ ጥቂት ነው፤ «ፎቶሲንተሲስ» ብሎ በፊደል ቢፈልግ ሌላ ጥቂት ያገኛል፤ በእንግሊዝኛ ቢፈልግ በሺሕ የሚቆጠር ጽሑፍና ሥዕል ይወርድለታል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ክሂል «ኢንተርኔት መጠቀም» ተብሎ በአንድ ሐረግ የሚዘጋ አይደለም። የመጽሐፉን ቃል ከእንግሊዝኛው ጋር ማገናኘት፣ በዚያ መፈለግ፣ ያገኙትን መርጦ ወደ አማርኛው ቃል መመለስና ለ6ኛ ወይም ለ7ኛ ክፍል ተማሪ ማቅለል ነው። ከላይ «አራተኛ ዕውቀት» የተባለው ነገር በሰሜን ጎንደር የሚይዘው መልክ ይህ ነው። የአማርኛ ዊኪፒዲያ መጣጥፎች ብዛት ከ15,000 ገደማ ያልዘለለ መሆኑም ድልድዩ ለምን እንደሚያስፈልግ ይነግራል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያለፋቸው መተግበሪያዎች የአማርኛ ጽሑፍ ማቅረብ መጀመራቸው ፍለጋውን ያሳጥረዋል፤ ማመሳከሩን ግን ይበልጥ ያስፈልገዋል እንጂ አያስቀረውም፤ የተስተካከለ የሚመስል ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያለ ስሕተት ለጀማሪ መምህር አይታይምና።

ከፕላዝማው የተገኘ ልምድ

ቴክኖሎጂ መምህሩን ሳያዘጋጅ ክፍል ሲገባ ምን እንደሚሆን አገሪቱ አንድ ጊዜ በሰፊው ሞክራዋለች። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት ጀመሩ፤ ሕዝቡ «ፕላዝማ» ብሎ የሰየመው ማለት ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይቀርብ ነበር፤ የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ክፍል ስርጭቱ ሲይዝ፣ ለመምህሩ የተተወለት መክፈቻና መዝጊያ ጥቂት ደቂቃ ነበር። ብሩክ ለማ በ2006 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጽሑፍ መምህራን የማስተማር ሥራቸውን ቁጥጥር ያጡበትን ሁኔታ መርምሯል። ስርጭቱ አይቆምም፤ ተማሪ ሊጠይቅ እጁን ሲያወጣ ድምፁ ወደሚቀጥለው ርእስ ያልፋል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ መምህሩ ያልተዘጋጀበትን ትምህርት ይረከባል።

ከዚህ ልምድ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው ድምዳሜ «መሣሪያው ውድ ነበር» ወይም «መብራት አልነበረም» የሚል ነው። ሁለቱም እውነት ነው። የጠለቀው ችግር ግን የውሳኔ ጉዳይ ነው፦ መቼ ይታይ፣ መቼ ይቁም፣ የትኛው ይዘለል የሚለውን መወሰን ከመምህሩ እጅ ወጥቶ ነበር። ዛሬ በስልክ ውስጥ ያለች የ3 ደቂቃ ቪዲዮ ከፕላዝማው የምትለየው በመጠኗ ብቻ አይደለም፤ መምህሩ ሊያቆማት ይችላል። ዕጩ መምህሩ ልምምድ ሊያደርግበት የሚገባውም ይህንኑ ማቆም ነው፤ ቪዲዮውን የት ላይ እንደሚያቆም፣ ምን እንደሚጠይቅ፣ ከዚያ በኋላ ስልኩን ኪሱ ከትቶ በሰሌዳ ላይ ምን እንደሚሥል።

ሮስተር

የክፍል ኃላፊ የሆነ መምህር በየመንፈቁ መጨረሻ የሚገጥመው ሥራ ሮስተር መሥራት ነው። 50 ተማሪዎችና 9 የትምህርት ዓይነቶች ቢኖሩ 450 ውጤት ይሰበሰባል፤ 50 ድምርና 50 አማካይ ይወጣል፤ ከዚያ ደረጃ ይሰጣል። በእጅ ሲሠራ ቀናት ይወስዳል። ሥራው ከተጠናቀቀ በኋላ አንድ የትምህርት ዓይነት መምህር «የአንድ ልጅ ውጤት ተሳስቼ ነበር» ብሎ ሲመጣ የልጁ ድምር ብቻ ሳይሆን የሌሎች ልጆች ደረጃም ይናወጣል። ሮስተር ሠርቶ የሚያውቅ ሰው በዚያች ቅጽበት መምህሩ የሚሰማውን ያውቃል፤ ስሕተቱን ላለማረም መፈተንም ሰዋዊ ነው።

የሰንጠረዥ ፕሮግራም ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ጥቅሙም ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ዋናው ጥቅሙ ማረምን ርካሽ ማድረጉ ነው። አንድ ቁጥር ሲስተካከል በትክክል የተጻፈው የድምር፣ የአማካይና የደረጃ ቀመር ሌላውን ሁሉ ያስተካክላል። ኮምፒዩተር ባይኖር እንኳ በስልክ ላይ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ የሰንጠረዥ መተግበሪያዎች አሉ። ሆኖም በኮርሶች ውስጥ የሰንጠረዥ ፕሮግራም የሚማሩት በሽያጭና በደመወዝ ምሳሌ ከሆነ፣ ሠልጣኙ ነገሩ ለሮስተር እንደሚሆን ራሱ መገመት ይኖርበታል።

እዚህ ላይ በቂ ትኩረት ያላገኘ አደጋ አለ። ሰንጠረዡን በስም ወይም በውጤት ቅደም ተከተል ለመደርደር የሞከረ ጀማሪ አንዱን ዓምድ ብቻ መርጦ ቢደረድር፣ ስሞቹ በቦታቸው ቀርተው ውጤቶቹ ይንቀሳቀሳሉ። የአንዱ ልጅ ውጤት በሌላው ስም ላይ ይሰፍራል። ሰንጠረዡ ንጹሕና የተስተካከለ ሆኖ ይታያል፤ ስሕተቱ ዓይን ውስጥ አይገባም፤ ታትሞ ማኅተም ሲያርፍበት ደግሞ ከእጅ ጽሑፍ ይልቅ ይታመናል። ከክፍል ክፍል የመዛወር ጉዳይ በዚህ ወረቀት ላይ የተንጠለጠለ ልጅ አለ። ስለዚህ ሮስተርን በሰንጠረዥ መሥራት የሚችል ሠልጣኝ ብቃቱ የሚታየው ቀመሩን በመጻፉ ሳይሆን፣ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ከመካከል ሦስት አራት ተማሪዎችን መርጦ ውጤታቸውን ከመጀመሪያው ማርክ ሊስት ጋር በእጁ ደምሮ ማመሳከሩ ላይ ነው። ይህን የማያደርግ ሠልጣኝ ሮስተሩን በእጁ ቢሠራ ይሻላል።

ከዚሁ ጋር የሚነሣው የምሥጢር ጉዳይ ነው። ሮስተርን ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ቡድን መለጠፍ ለወላጆች ፈጣን አገልግሎት ይመስላል፤ የእያንዳንዱን ልጅ ውጤትና ደረጃ ግን ለማያገባው ሰው ሁሉ ያሰራጫል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ጉዳዩ የሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን የሕግም ነው።

የሚቋረጥ መስመር

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮቪድ ምክንያት ሲዘጉ ትምህርት በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም እንዲቀጥል ተሞከረ፤ መስመሩ የደረሰው ተጠቀመ፤ ያልደረሰው ቀረ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ በአዲአርቃይና በዛሪማ አልፎ እስከ ዳባት ዙሪያ ሲደርስ የአካባቢው ትምህርት ቤቶች ዳግም ተናጉ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮም በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው «5 ሚሊዮን ኮደርስ» መርሐ ግብር መምህራንም እንዲመዘገቡ ይጋብዛል፤ ትምህርቱ ግን የሚሰጠው በበይነ መረብ ነው።

ይህ ቅደም ተከተል የሚያስገድደው አንድ የንድፍ መርሕ አለ፦ መስመር መቋረጡ ልዩ አጋጣሚ ሳይሆን የተለመደ ሁኔታ ተደርጎ መወሰድ ይኖርበታል። ሠልጣኙ ከማሠልጠኛው ሲወጣ ይዞ የሚሄደው «ሲያስፈልግህ ፈልገው» የሚል ምክር ሳይሆን፣ በስልኩ ማስታወሻ ካርድ ላይ የተደራጀ የራሱ ቤተ መጻሕፍት ቢሆን ይመረጣል። የመማሪያ መጻሕፍቱ ቅጂዎች በቴሌግራም ሲዘዋወሩ ይታያል፤ የትኛው የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት፣ የትኛው የአሮጌው መሆኑን ሽፋኑንና የኅትመት ዓመቱን አይቶ መለየት፣ በክፍልና በትምህርት ዓይነት ሰይሞ ማስቀመጥ፣ ተጨማሪ ቅጂ በፍላሽ መያዝ ያስፈልጋል። እንደ ኪዊክስ ያሉ ነፃ መተግበሪያዎች ሙሉ ዊኪፒዲያን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላሉ። ስልኩን በጸሐይ ኃይል ወይም በገበያ ቀን ከተማ ወርዶ የሚሞላ መምህር የባትሪውን ፍጆታ ማቀድም አለበት። ማዕቀፎቹ ይህን «ብቃት» ብለው አልመዘገቡትም፤ በጃናሞራ ግን ያለ እርሱ ሌላው ሁሉ ከሦስተኛው ቀን አያልፍም።

የምዘናው ነገር

የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በዚህ ርእስ ላይ የሚያደርጉት ጥናት በብዛት የሚመረኮዘው አምስት ደረጃ ባለው የሊከርት መጠይቅ ላይ ነው፦ «ኮምፒዩተር ለማስተማር መጠቀም እችላለሁ፤ በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ…» እያለ የሚወርድ። መጠይቅ በአጭር ጊዜ ብዙ ሰው ይደርሳል፤ ለስታቲስቲክስ ትንተናም ይመቻል። የሚለካው ግን ሠልጣኙ ስለ ራሱ ያለውን እምነት ነው። ጀስቲን ክሩገርና ዴቪድ ደኒንግ በ1999 እንዳሳዩት በአንድ ተግባር ደካማ የሆነ ሰው ድክመቱን ለማየት የሚያስፈልገው ክሂል ራሱ ስለሚጎድለው ራሱን ከፍ አድርጎ ይገምታል። ተቃራኒውም አለ፦ በየቀኑ በስልኩ ማስታወሻ የሚጽፍ፣ ፋይል የሚልክና ሒሳብ የሚከፍል ሠልጣኝ «ዲጂታል ክሂል» የሚለውን ቃል ከኮምፒዩተር ጋር ብቻ ስለሚያያይዘው «አልችልም» ብሎ ይሞላል። ሁለቱ ስሕተቶች በአንድ አማካይ ውስጥ ተደብቀው «መካከለኛ» የሚል ውጤት ይሰጣሉ። የመመረቂያ ጥናቱም የመሣሪያ አቅርቦት እንዲሻሻል መክሮ ይዘጋል።

የተሻለው መንገድ ተግባር ማሠራት ነው። ለዚህ ትልቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ሠልጣኟ የራሷን ስልክ፣ ኢንተርኔቱን ዘግታ፣ ትይዛለች። የ10 ተማሪዎች ማርክ ሊስት በወረቀት ይሰጣታል፤ ሮስተር ትሠራለች፤ ከጨረሰች በኋላ አንድ ውጤት እንደተሳሳተ ይነገራትና ታርማለች። አሮጌ ፎንት ያለበት ፋይል ይላክላትና ምን እንደሆነ ታስረዳለች። ከመማሪያ መጽሐፉ አንድ የአማርኛ የሳይንስ ቃል ይሰጣትና፣ አስቀድማ ካወረደችው ውስጥ ለክፍሉ የሚሆን ሥዕል መርጣ በሰሌዳ ላይ ትሥላለች። መዛኙ የሚመዘግበው «ትችላለች፣ አትችልም» የሚለውን ብቻ ሳይሆን ማመሳከሯን፣ የት ላይ እንደተደናቀፈችና ከመደናቀፉ እንዴት እንደወጣች ነው። ከዚያ በኋላ መጠይቁን ብትሞላ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ራሱ ግኝት ይሆናል። የስልክ ባለቤትነት በወንዶችና በሴቶች ሠልጣኞች መካከል እኩል ካልሆነ ደግሞ ምዘናው ከመጀመሩ በፊት መታወቅና መስተካከል አለበት፤ ያለዚያ የሚለካው ክሂል ሳይሆን ንብረት ይሆናል።

የተግባር ልምምዱም እንዲሁ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመምህራን ትምህርት ሥርዓት ሲከለስ የትምህርት ቤት ልምምድ ትልቅ ቦታ ተሰጥቶት ነበር። ልምምዱ ግን ለተቆጣጣሪ መምህራን ጉዞ በሚመች ርቀት፣ ማለትም በማሠልጠኛው ዙሪያ ባሉ የከተማ ትምህርት ቤቶች የመካሄድ ዝንባሌ አለው። የከተማው ክፍል መብራት አለው፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ነው። በአራተኛው ትውልድ የተከፈተው ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ተራራው ግርጌ መኖሩ በዚህ ረገድ ያልተነካ ዕድል ነው፤ ማሠልጠኛዎች ከእርሱና ከወረዳዎቹ የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ጋር ቢዋዋሉ፣ ከልምምዱ ሳምንታት ሁለቱን መብራት በሌለበት ትምህርት ቤት ማድረግ ይቻላል። ተቆጣጣሪው በየቀኑ መውጣት ባይችል ሠልጣኙ ትምህርቱን በድምፅ ቀድቶ፣ የሰሌዳውን ፎቶ አንሥቶ፣ መስመር ባገኘበት ቀን ይልካል። ፎቶው ላይ የሚታየው ቀን፣ የተላከበት ቀንና በሁለቱ መካከል ባትሪው ስንት ጊዜ እንደሞተ የሚገልጽ አጭር ማስታወሻ፣ አንድ ላይ ሆነው፣ እስካሁን በመጠይቅ ያልተገኘ መረጃ ይሰጣሉ።